መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ ኮምፒውተሬ ዲስኩን አላገኝ ብሏል

ጠያቂ፣ ከፍኖተ ሰላም፦ ጤና ይስጥልኝ። የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ የምሠራበት ኮምፒውተር ዛሬ መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ ወዲህ አልነሣ ብሎኛል፤ በጥቁሩ ስክሪን ላይ የሚነሣበት ዲስክ እንዳልተገኘ የሚገልጽ ጽሑፍ ብቻ ይወጣል። የአራት ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ በውስጡ አለ፤ ነገ ጠዋት ይዘውት ወደ ደብረ ማርቆስ ይሄዳሉ። ዊንዶውስ እንደገና ልጭንበት ስለሆነ የመጫኛ ፍላሽ እንዴት እንደሚዘጋጅ እባካችሁ ፈጥናችሁ ንገሩኝ።

አባል፣ ከቡሬ፦ ወንድሜ፣ የሰው ሥራ አደራ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ጽሑፉን በየቀኑ ማታ በፍላሽ መገልበጥ፣ መብራት በሚቆራረጥበት አገርም ኮምፒውተሩን ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) አለማሠራት ይገባዋል።

አባል፣ ከደብረ ማርቆስ፦ የጎኑን ክዳን ከፍተው ከዲስኩ ወደ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ክፍሎች ወደሚገናኙበት ዋና ሰሌዳ) የሚሄደውን የሳታ ኬብል በሁለቱም ጫፍ ነቅለው ይሰኩት።

ጠያቂ፦ ነቅዬ ሰክቼዋለሁ፤ ለውጥ የለውም። ስለ ፍላሹ የሚነግረኝ የለም?

አባል፣ ከሞጣ፦ እባክዎ ዊንዶውስ አይጫኑ። ዲስኩን ካላየው የሚጭኑበት ቦታ የለም፤ ካየው ደግሞ ሲጭኑ የልጆቹን ጽሑፍ ሊያጠፉት ይችላሉ። ኮምፒውተሩ ሲበራ ኤፍ 2 ወይም ዲሊትን ደጋግመው ተጭነው ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ቅንብር) ውስጥ ይግቡና፣ የዲስኩ ስም መኖር አለመኖሩንና ቀኑ ስንት እንደሚል ይንገሩን።

አባል፣ ከቢቸና፦ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ወዲያውኑ ያጥፉት።

ጠያቂ፦ ድምፅ የለውም። የዲስኩ ስም አለ፤ ቀኑ ግን በፈረንጅ 2009 ጃንዋሪ 1 ይላል።

አባል፣ ከደብረ ማርቆስ፦ ኬብሉ በደንብ አልገባ ይሆናል፤ ደግመው ይሰኩት።

አባል፣ ከሞጣ፦ ስሙ ከታየ ኬብሉ ደኅና ነው። ያለቀው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው፣ ሲአር 2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ትመስለኛለች፤ እርሷ ስትደክም መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑም የባዮሱ ቅንብርም ከፋብሪካ ወደ ወጣበት ይመለሳል። ዊንዶውስዎ በሌጋሲ (በአሮጌው የአነሣሥ ዘዴ) ተጭኖ ሳለ ባዮሱ ወደ ዩኢኤፍአይ (ወደ አዲሱ ዘዴ) ከተመለሰ፣ ዲስኩ ጤነኛ ሆኖም አይነሣም። ቡት (መነሻ) የሚለውን ገጽ ከፍተው ሌጋሲ ያድርጉት፣ ዲስኩን ከመነሻ ተራው አንደኛ ያስቀምጡት፣ በኤፍ 10 ያስቀምጡና ይውጡ፤ ይህ ከፋይልዎ አንዳች አይነካም። ካልሆነ ዲስኩን አውጥተው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ጽሑፎቹን ይገልብጡ።

ጠያቂ፦ ሌጋሲ የሚለውን አግኝቼ ልመርጥ ስል መብራቱ እንደገና ጠፋ። አሁን ከስልክ ነው የምጽፈው።

አባል፣ ከሞጣ፦ እስከዚያው ገመዱን ከሶኬት ነቅለው ባትሪዋን ይቀይሩ፤ ሰዓት ጠጋኞች ዘንድ አትጠፋም። ካላገኙም መብራቱ ሲመጣ ያንኑ ቅንብር እንደገና ያስተካክሉና፣ እንደተነሣ ከምንም በፊት አራቱን ጽሑፎች ወደ ፍላሽ ይገልብጡ።

አባል፣ ከቡሬ፦ መብራት መጣ ወይ? ተነሣልዎት?