ክፍት ቦታችንን የሚመለከተው የጋራ ሐሳብ፦ በሁለተኛው ረቂቅ ላይ የተደረገ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ አዲስ አበባ ቱሉ ዲምቱ በሚገኘው የጋራ መኖሪያ መንደራችን ጫፍ ያለው ሜዳ በቆርቆሮ ከታጠረ ወዲህ ለወረዳውና ለክፍለ ከተማው የምናቀርበውን ሐሳብ እያረቅን እንገኛለን። በመጀመሪያው ረቂቅ «በክፍት ቦታ ላይ ምንም ዓይነት ግንባታ አይካሄድ» ብለን ነበር፤ ይህ እንዲቀየር እጠይቃለሁ። ነገ ጤና ጣቢያ ወይም የውኃ ማጠራቀሚያ ቢያስፈልገን የራሳችን ቃል ያስረናል። በምትኩ የሚከተለውን አቀርባለሁ፦ «በፕላን ክፍት ቦታ ተብሎ የተመለከተ መሬት አገልግሎቱ የሚለወጠው፣ ነዋሪው ተጠርቶ ከመከረበትና የአካባቢ ልማት ፕላኑ በሥርዓቱ ከተሻሻለ በኋላ ብቻ ይሁን፤ ስፋቱ ያላነሰ ምትክ ቦታም ግንባታው ከመጀመሩ በፊት ይዘጋጅ።» የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ማኅበረሰቡን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ የመስጠት መብትን ያውቃል፤ የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000ም የሕዝብ ተሳትፎን ከመርሆዎቹ አንዱ አድርጎታል። ስለዚህ የምንጠይቀው በሕግ ያለንን ነው።

የብሎክ ተወካይ፣ በሙያቸው መሐንዲስ፦
ጸሐፊያችን ያቀረቡትን እደግፋለሁ፤ ነገር ግን «ምትክ ቦታ» የሚለው ርቀቱ ካልተገለጸ ባዶ ቃል ይሆናል። 10ኛው የከተማዋ ማስተር ፕላን 30 በመቶውን ቦታ ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 30 በመቶውን ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 40 በመቶውን ለግንባታ ይመድባል። ይህ ድርሻ በከተማ ደረጃ ሲሰላ የእንጦጦ ደንም የወንዝ ዳርቻም አብረው ይቆጠራሉ፤ ከእንጦጦ ተደምሮ የሚሞላ 30 በመቶ ግን የዚህን ሰፈር ልጅ ኳስ አያጫውትም። «ሕፃን ያለ ታክሲ በእግሩ ሊደርስበት በሚችል ርቀት» የሚል ይጨመርልኝ።

ስለ ውኃውም አንድ አንቀጽ ያስፈልጋል። አፈራችን መረሬ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ውኃንም ቀስ ብሎ ነው የሚያሰርገው። ሜዳው የጎርፉን ጉልበት የሚያበርደው ሰፊና ሣር የለበሰ ስለሆነ ነው። በሲሚንቶ ሲሸፈን ውኃው የሚወርደው ወደ መሬት ወለል ቤቶች በመሆኑ፣ ማንኛውም የግንባታ ጥያቄ የጎርፍ መውረጃ ንድፍ ይዞ እንዲቀርብ እንጠይቅ።

የእድራችን ተወካይ፦
ልጆቼ፣ የጻፋችሁት መልካም ነው፤ ግን ሁለት ዓይነት መሬት አደባልቃችኋል። ሜዳው የመንግሥት ነው። በብሎኮቹ መካከል ያለው ግን በጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የሁላችንም የጋራ መጠቀሚያ ነው፤ እዚያ ላይ የቆርቆሮ ሼድ የሠራነውና መኪና ማቆሚያ ያጠርነው እኛው ነን። ባለፈው ክረምት በእኛ ብሎክ ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ጠፍቶ ሐዘንተኛው መንገድ ላይ ተቀመጠ። ይህን ሳናስተካክል ሌላውን አጥር አንሣ ብንል ምን አፍ አለን? ለድንኳን፣ ለደመራና ለልጆች የሚሆነው ቦታ በየብሎኩ ተለክቶ፣ ሼዶቹም የሚነሡበት ቀን በቃለ ጉባኤ ተይዞ ከሐሳቡ ጋር ይያያዝ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
እናታችን ያነሡት ትክክል ስለሆነ ረቂቁን ለሁለት ክፍያለሁ፤ የጋራ መጠቀሚያችንን የሚመለከተውና እኛው የምንፈጽመው ግዴታ የመጀመሪያው ክፍል ሆኗል፣ ከመንግሥት የምንጠይቀው ይከተላል። የርቀቱና የጎርፉ አንቀጾችም ገብተዋል። ከአባላት የተነሣውን «የአጥሩን ባለቤት በስም እንክሰስ» የሚለውን ሐሳብ ግን ትቼዋለሁ፣ በእጃችን ማስረጃ የለምና። መሐንዲሳችን የሜዳውን የፕላን ካርታ ቅጂ ከክፍለ ከተማው በጽሑፍ እንዲጠይቁ፣ የየብሎኩ ተወካዮችም ሼዶቹን ቆጥረውና ባለቤቶቹን አነጋግረው ለመጪው እሑድ ስብሰባ እንዲያቀርቡ እጠይቃለሁ። ካርታው በእጃችን ሳይገባ ደብዳቤው አይወጣም።