ለጠላት ጄኔራል ጥብቅና መቆም፦ የያማሺታን ችሎት እንዴት ታዩታላችሁ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1945 የአሜሪካ ጦር የፊሊፒንስን ዋና ከተማ ማኒላን ከጃፓን ሲያስለቅቅ ወደ 100,000 ሲቪሎች እንዳለቁ ይገመታል። ብዙዎቹን የፈጁት የጃፓን ወታደሮች ናቸው፣ የአሜሪካ መድፍ የገደላቸውም አሉ። ፊሊፒንስ የነበረው የጃፓን ጦር አዛዥ ጄኔራል ቶሞዩኪ ያማሺታ እጁን ሰጥቶ እዚያው ማኒላ ለፍርድ ሲቀርብ፣ ጠበቃ ሆነው የተመደቡለት የአሜሪካ ጦር መኮንኖች ነበሩ። እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ የምራቸውን ተሟገቱለት። ከተማዋ ፍርስራሽ ላይ እያለች ይሄ ተገቢ ነበር?

ተቃዋሚ፦ በፍጹም። ልጇ የተገደለባት እናት ቀርባ ስትመሰክር፣ ነፃ ያወጣት ጦር መኮንን ተነስቶ «አዛዡ አያውቅም ነበር» ሲል ምን ይሰማት? ጦሩ የእሱ ነው። አዛዥ ካልተጠየቀ ማን ሊጠየቅ ነው?

የሕግ ባለሙያዋ፦ ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። ግን ክሱን እንየው። ያማሺታ የተከሰሰው ግደሉ ብሎ በማዘዝ አይደለም፣ ወታደሮቹን አልተቆጣጠረም ተብሎ ነው። እሱ የነበረው ሰሜን ተራራው ላይ ነው፤ ማኒላን ለቃችሁ ውጡ ብሎም አዝዞ ነበር፤ ከተማዋ ውስጥ የቀረው ጦር በአብዛኛው በአድሚራል ኢዋቡቺ የሚመራ የባሕር ኃይል ሲሆን መገናኛውም በውጊያው ተቆራርጦ ነበር። ታዲያ ያውቅ ነበር ወይ? ቢያውቅስ ማስቆም ይችል ነበር? ጠበቆቹ የጠየቁት ይህንን ነው። አምስቱ ዳኞች ደግሞ ጄኔራሎች ናቸው፣ አንድም የሕግ ሰው የለበትም። ኦክቶበር 29 ችሎቱ ሲጀመር 59 ተጨማሪ የክስ ዝርዝሮች ተደረቡ፤ ጠበቆቹ ጊዜ ይሰጠን ቢሉ ተከለከሉ። መስቀለኛ ጥያቄ የማይቀርብበት የጽሑፍ ምስክርነትም ተቀባይነት አገኘ። የሞት ፍርዱ የተሰጠው ዲሴምበር 7 ነው፣ ጃፓን በ1941 የአሜሪካን የባሕር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን የደበደበችበት ቀን። አጋጣሚ ነው ብትሉኝ አላምንም።

ሌላ አስተያየት፦ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን 6 ለ 2 አቤቱታውን ውድቅ አድርጎታል። እንግዲህ አለቀ ደቀቀ።

የሕግ ባለሙያዋ፦ ከተቃወሙት ሁለት ዳኞች አንዱ ፍራንክ መርፊ ነው። በ1930ዎቹ ፊሊፒንስን ያስተዳደረ፣ ማኒላን በደንብ የሚያውቃት ሰው። ለጃፓን አዝኖ ነው እንዳትሉ። ችኮላው የጎዳው ያማሺታን ብቻ አይደለም፣ የሟች ቤተሰቦችንም ነው። እነሱ ማን እንዳዘዘ፣ ትእዛዙ በማን በኩል እንደወረደ ተጣርቶ እንዲነገራቸው ይገባ ነበር። ሰውየው ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1946 ተሰቀለ፣ ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም የሚለው ግን ዛሬም ያከራክራል።

ተቃዋሚ፦ እሺ እህቴ፣ ግራዚያኒ ቢሆንስ? የካቲት 12ን አስቢ። አዲስ አበባ ለፍርድ ቢቀርብ ጠበቃ ትሆኚው ነበር?

የሕግ ባለሙያዋ፦ ብመደብ አዎ፣ ሆዴ እያረረም ቢሆን። መንግሥታችን ይከሰስልን ብሎ ብዙ ጮኋል፣ ሰሚ አላገኘም። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1950 የ19 ዓመት እስራት የፈረደችበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነው፤ እሱንም ብዙ ሳይቆይ ፈታችው። ስለ አዲስ አበባ ሕዝብ ማንም ችሎት ፊት አላቆመውም። እኔ እዚሁ ቀርቦ፣ ምስክሮቻችን ፊት ለፊቱ ቆመው ሲናገሩ፣ ጠበቃው የፈለገውን መስቀለኛ ጥያቄ ሲጠይቃቸው ማየት በወደድኩ። መልስ አያጡለትም ነበር።