ቴስታታ ውስጥ ተቆርጦ የቀረ ስታድ ቡሎን እንዴት ይወጣል?

ባለ ዲኤክስ፦
ሰላም ወንድሞቼ። የኮሮላ ዲኤክሴን 4ኬ ሞተር እያደስኩ ነው። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የጭስ ማኒፎልዱን (ጭሱን ከሞተሩ የሚቀበለውን ቱቦ) ስፈታ የመጨረሻው ስታድ (ራስ የሌለው ቡሎን)፣ 8 ሚሊው፣ ከነዳዶው ተቆርጦ ቀረ። 4 ሚሊ ያህል ብቅ ብሏል። በፒንሳ ስታገለው ጥርሱ ተላጨ፤ አሁን ምንም አይጨበጥም። ደብሊው ዲ 40 ካፈሰስኩበት ሁለት ቀን ሆነው፣ ንቅንቅ አላለም። ኤክስትራክተር (የተቆረጠ ቡሎን ተበስቶ ውስጡ የሚገባ ማውጫ) ልግዛ? ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ፈርቻለሁ።

ብየዳ ቤት፦
ኤክስትራክተሩን እርሳው ወንድሜ። በጣም ጠንካራ ስለሆነ ከመታጠፍ ይልቅ ይሰበራል። ውስጥ ከተሰበረ ደግሞ ተራ ፑንታ (የትራፓኖ መብሻ) አይበሳውም። ያኔ ነው ጣጣው።
4 ሚሊ ይበቃሃል። ዳዶ አጥልቅበትና በቀዳዳው በኩል ከስታዱ ጋር በየደው። የብረት ብየዳ አሉሚኒየም ላይ አይዝም፣ በዚህ አትስጋ። ዚንክ የተነከረ ዳዶ ግን አትጠቀም፣ ጭሱ ያሳምማል። ቅላቱ ሲጠፋ ቁልፍ አስገባና ትንሽ ወደ ማጥበቅ፣ ትንሽ ወደ መፍታት እያልክ አላውሰው። ዳዶው ቢላቀቅ ሌላ በየድ። እኔ አንዱን በአምስተኛው ዳዶ ነው ያወጣሁት።

የድሮ መካኒክ፦
ልጄ፣ ስትበይድ ሰምም ጨምርበት። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ስለዚህ ስታዱን ሳይሆን ዙሪያውን በጋዝ አሙቅ። መጀመሪያ ደብሊው ዲውን ጥረግ፣ እሳት ይይዛል። እሳቱን አንድ ቦታ አታቁመው፤ አሉሚኒየም ሳይቀላ ድንገት ነው የሚቀልጠው። ከዚያ ጧፍ ስታዱ ሥር አስነካ። ሰሙ ወደ ጥርሱ ሲሰርግ በዓይንህ ታየዋለህ።

ባለ ዲኤክስ፦
እሺ ጋሼ፣ ነገ እሞክረዋለሁ። እምቢ ካለስ?

የቶርኖ ልጅ፦
እምቢ ካለ መብሳት ነው፣ ግን በእጅ ትራፓኖ አይሆንም። አሉሚኒየሙ ለስላሳ ስለሆነ ፑንታው ወደዚያ ይሸሻል። አናቱን በሞረድ አስተካክለህ መሃሉ ላይ ነጥብ ምታና ማቆሚያ ያለው ትራፓኖ ወዳለበት ቶርኖ ቤት ውሰደው። በ3 ሚሊ ጀምረው፣ ከ6.5 እንዳያልፉ ንገራቸው። የ8 በ1.25 ጥርስ (8 ሚሊ ውፍረት፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.25 ሚሊ) የሚወጣው ከ6.8 ሚሊ ቀዳዳ ነው፤ ከዚያ ካለፈ የቀዳዳውን ጥርስ ይበላዋል። ጥርሱ ቢበላሽም ሄሊኮይል (አዲስ ጥርስ የሚሆን የሽቦ ጥቅል) ይገባበታል።

ባለ ዲኤክስ፦
ወጣ! ሁለቱ ዳዶዎች ተላቀቁ፣ ሦስተኛው ያዘ። ሞቅ እያለ ጧፉን አስነካሁት፤ ቤቱ ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ሸተተ። መጀመሪያ ሲጥ የሚል ድምፅ አሰማ፣ ከዚያ ሩብ ዙር ዞረ። ጥርሱ መሃል ነጭ ዱቄት ሞልቶበታል። የቀዳዳው ጥርስ ደህና ነው። እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሌሎቹንስ ልቀይራቸው?

የድሮ መካኒክ፦
ቀይራቸው፣ እነሱም ዕድሜያቸው እኩል ነው። የመዳብ ቅባት ቀብተህ በእጅህ አስገባ። ዳዶው የነሐስ ይሁን፣ በሚቀጥለው ጊዜ ያለ ጠብ ይፈታልሃል።