የድሮ የገበሬ ቤትን ሙዚየም ማድረግ፦ የአካባቢ ማህበር ከየት ይጀምር?

ባለጓሳ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። መንዝ ውስጥ ያለን ትንሽ የቅርስ ማህበር ነን። አንድ ቤተሰብ የአያቶቹን ቤት የገበሬ ሙዚየም እንድናደርገው ሰጥቶናል። ግድግዳው በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ፣ ክዳኑ ጓሳ የሚባለው የደጋ ሳር ነው፤ ውስጡ መደብ፣ ጓዳና ቆጥ አለው። ወደ 60 የሚጠጉ ዕቃዎችም ተሰብስበዋል፦ ሁለት ሙሉ የእርሻ ዕቃ፣ መንሽና ላይዳ፣ ጎታ፣ ወፍጮ ከነመጁ፣ ስልቻና አቁማዳ፣ እንስራ።

ቤቱ ሰው ሳይኖርበት ሁለት ክረምት አልፎታል። ክዳኑ በሰሜን በኩል ጠቁሮ ሰርጉዷል፣ ከግድግዳው ግርጌ ጭቃው ይረግፋል፣ ሞፈሮቹ (ከቀንበሩ ጋር የሚያያዙት የእርሻ ረጅም እንጨቶች) ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ አለ፣ ቆዳዎቹ ድርቅ ብለዋል። ከአባላቱ ገሚሶቹ «ግድግዳውን በሲሚንቶ እንሙላው፣ ጣራውን ቆርቆሮ እናልብሰው፣ እንጨቱን የተቃጠለ ዘይት፣ ቆዳውን ቅቤ እንቀባው» ይላሉ። ከምረቃ በኋላስ የማህበሩ ሥራ ምን ይሆናል? ፈቃድስ ከማን ነው? የምታውቁ አስረዱን።

ጭቃና ድንጋይ

ሲሚንቶውን ተዉት። በጭቃ የተሠራ የድንጋይ ግድግዳ ከመሬትም ከዝናብም ውሃ ይስባል፤ ያንን ውሃ የሚተፋው በድንጋዮቹ መጋጠሚያ በኩል ነው። መጋጠሚያውን በሲሚንቶ ስትደፍኑት ውሃው መውጫ ያጣል፣ በግድግዳው ሆድ ያለው ጭቃ ይላላል፣ ከጥቂት ክረምት በኋላ ግድግዳው ወደ ውጭ ይነፋል። ከላይ ሲያዩት ደህና ስለሚመስል ጉዳቱ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። የጎንደር ፋሲል ግቢም ይህን ቀምሷል፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሲሚንቶ የተጠገነው ኋላ እየተነሳ እንደ ጥንቱ በኖራ ተተክቷል።

የእናንተ ጭቃ የሚረግፈው ከግርጌ ከሆነ ግን ችግሩ ግድግዳው ላይ አይደለም፣ ውሃው ነው። ስለዚህ አንድም ድንጋይ ሳትነኩ በፊት፦

በዓመታት ውስጥ ከግድግዳው ሥር የተከመረውን አፈርና ፍግ ጥረጉ፤ የመሠረቱ የታችኛው ድንጋይ እስኪታይ ድረስ ግን አትውረዱ። ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ርቃችሁ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሩ፣ በድንጋይ ሙሉት፣ ጫፉን ወደ ቁልቁለቱ አውጡት። ጥግ ድረስ ተጠግቶ መቆፈር ትልቁ ስህተት ነው፤ የድሮ ቤት መሠረት ጥልቅ ስላልሆነ ግድግዳው ወደ ቦዩ ይንሸራተታል። በቤቱና በቦዩ መካከል ያለው መሬት ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ደልድሉት። ከዚያ አንድ ክረምት ጠብቁና እዩ። ብዙ ጊዜ ግማሹ ችግር እዚያው ያበቃል።

ለመሙያው ጭቃ ዋልካ (ጥቁር ሸክላማ አፈር) አትጠቀሙ፤ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ይወድቃል። አፈሩን ለማወቅ የጠርሙስ ሲሶ አፈር፣ ቀሪውን ውሃ አድርጋችሁ ናጡና ለአንድ ቀን አስቀምጡት፤ አሸዋው ከታች፣ ሸክላው ከላይ ይረጋል። ሸክላው ከበዛ አሸዋ ይጨመርበታል። ጭዱን ለውሳችሁ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይቡካ፤ በየሦስት ቀኑ እየተረገጠ፣ እንዳይደርቅ ውሃ እየተጨመረበት። የጭዱን ልክ በግምት አትወስኑ። ጀርባ ግድግዳ ላይ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሆኑ ሦስት የሙከራ ልጥፎችን በተለያየ የጭድ መጠን ለጥፉና አሥር ቀን ተዉአቸው፤ ያልተሰነጠቀው የእናንተ ልክ ነው። መጋጠሚያውን ስትሞሉም የላላውን ጭቃ ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ጠርጋችሁ አውጡ፣ ውስጡን ውሃ እርጩ (ደረቅ ድንጋይ የጭቃውን ውሃ ስለሚመጠው አይይዝም)፣ ከዚያ ጭቃውን ከጥቃቅን ድንጋይ ጋር አጥብቃችሁ ጠቅጥቁ።

ክዳን ሠሪ

ጣራው ቆርቆሮ ከሆነ ቤቱ የመንዝ ቤት መሆኑ ይቀራል። ጓሳውም አብሮ ይታሰብ፤ የጓሳ ሜዳ በቄሮ ሥርዓት (የሜዳውን አጠቃቀም በሚወስነው የአካባቢው ባህላዊ ደንብ) ለዓመታት እየተዘጋ፣ አንዳንዴ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት፣ በጋራ ስምምነት እየተከፈተ የቆየው ሳሩ ለክዳን ስለሚፈለግ ጭምር ነው። ሙዚየሙ ጓሳ ከተወ ጎብኚው የሚያየው ግማሽ ታሪክ ነው።

ሰሜኑ በኩል የጠቆረበት ምክንያት አለው። በበጋ ፀሐይ ከደቡብ ስለምትመጣ ያ ጎን ከክረምቱ እርጥበት ዘግይቶ ይደርቃል። ሰርጉዶ ከሆነ ግን ሳሩ ብቻ አይደለም የተጎዳው። ከውስጥ ገብታችሁ ወራጆቹንና ማገሮቹን በቢላ ጫፍ ውጉ፤ ቢላው ያለ ጉልበት ከገባ እንጨቱ በስብሷል። ሲለወጥ ጥድ ወይም ወይራ ይሁን፤ ባህር ዛፍ ርካሽ ቢሆንም ምስጥ ቶሎ ይበላዋል። የሚለወጠው የበሰበሰው ብቻ ነው። ደህናው አሮጌ እንጨት ይቆይ፤ አዲሱ ላይ የተተካበትን ዓመት በማይታይ ጎኑ ቅረጹበት።

ሳሩ የሚታጨደው በበጋ፣ ደርቆ ነው። እርጥብ ሳር ከተከደነ ውስጡ ይግላል፣ ይሻግታል። ጣራው ቢያንስ 45 ዲግሪ ያዘንብል፤ ከዚያ ከተኛ ውሃው ከመውረድ ይልቅ ይሰርጋል። ክዳኑ የሚጀመረው ከታች ከጠርዙ ነው፤ እያንዳንዱ ረድፍ የበታቹን ማሰሪያ ሙሉ በሙሉ ይሸፍን፣ ውፍረቱ ሲጠቀጠቅ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ጠርዙም ከግድግዳው ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ይውጣ። የጉልላቱን ዙሪያ በደንብ እዩት፣ መፍሰስ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው። እስከ ቀጣዩ በጋ ለመሻገር ሸራ ማልበስ ይቻላል፣ ግን ሸራው ሳሩ ላይ አይረፍ፤ በእንጨት ከፍ ብሎ አየር ይለፍበት። ላስቲክ በቀጥታ ከተነጠፈ ሳሩ ያልበዋል፣ በአንድ ክረምት ይበሰብሳል።

ከሁሉ በላይ ግን፦ ቤቱ እሳት ያስፈልገዋል። የሳር ቤትን ያኖረው የምድጃው ጭስ ነው። ጭሱ ሳሩንም ማገሩንም ያደርቃል፣ ነፍሳትን ያርቃል። ሰው ከለቀቀው በኋላ በሁለት ክረምት የሰረጎደው ለዚህም ነው። ሙዚየም ሆኖ ተዘግቶ ከዋለ አዲሱም ክዳን እንዲሁ ይሆናል። በሳምንት ሁለት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ጉልቻው ላይ እሳት ይንደድ፣ በክረምት ደግሞ ከዚያ ይብዛ። ተራው በአባላት ይከፋፈል፣ እሳቱ ሳይጠፋ ማንም ትቶት አይሂድ፣ በር ላይ ሁለት በርሜል ውሃና ጣራ የሚደርስ መሰላል ሁልጊዜ ይኑር።

ዕቃ ጠባቂ

ክዳን ሠሪው ስለ ጭስ ያለው ለቤቱ ልክ ነው፣ ለዕቃዎቹ ግን አደጋ ነው። ጥቀርሻ ቆዳና ገመድ ላይ ከተጋገረ ያለ ጉዳት አይነሳም። መፍትሔው ዕቃውን ለሁለት መክፈል ነው። ሁለት ሙሉ የእርሻ ዕቃ አላችሁ፤ አንዱ ጭስ ባለበት ቤት ውስጥ ይሰቀል፣ በትምህርት ቀን ይነካ፣ ይጠመድበትም። ሁለተኛው፣ ይበልጥ ያረጀውና ታሪኩ የታወቀው፣ ጭስ በሌለው ደረቅ ክፍል ይቀመጥ። ስልቻውም፣ እንስራውም እንዲሁ። አንድ ብቻ ያለውን ዕቃ በጭሱ ቤት አታስቀምጡ፤ በአካባቢው ባለሙያ አዲስ አሠርታችሁ እሱን አሳዩ፣ አዲስ መሆኑንም ጽፋችሁ ለጥፉ።

የተቃጠለ ዘይትም ቫርኒሽም አይነካው። ዘይቱ አቧራ ይይዛል፣ ይሸታል፣ አይወጣም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ የገበሬው እጅ እርፉ (የእርሻ ዕቃው እጀታ) ላይ የተወውን ልስላሴ ይደፍነዋል፤ ሰው ሊያይ የሚመጣው ያንን ነው። እንጨት በለስላሳ ብሩሽና በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፣ ይበቃዋል።

ቅቤ ለስልቻ የሚሆነው ስልቻው በሥራ ላይ ሳለ ነው። በመደርደሪያ ላይ ቅቤው ይበላሻል፣ ነጭ ሽፋን ያወጣል፣ ቆዳ የሚበሉ ነፍሳትንና አይጥን ይጠራል። የደረቀ ቆዳን ለመዘርጋት አትታገሉ፣ ይሰነጠቃል። ውስጡን በንጹህ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ቀለል አድርጋችሁ ሙሉት፣ ተጋድሞ ይቀመጥ። ቀንበሩን በምራኑ (በቆዳ ማሰሪያው) አንጠልጥሎ መስቀልማ ፈጽሞ አይሆንም፤ የቀንበሩን ክብደት የሚሸከመው ሰፊ ድጋፍ ይሁን።

ለብረቶቹ፣ ለማረሻውና ለወገሉ፦ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉት። የሚረግፈውን ብቻ በደረቅ ብሩሽ አንሱ፣ አድርቁት፣ ንጹህ የንብ ሰም በተርፔንታይን አለስልሳችሁ በስሱ ቀቡት፤ ይህ ሥራ ከእሳት ርቆ፣ መስኮት ተከፍቶ ነው። ብረቱ ከእንጨቱ የማይለይ ከሆነ ሰሙ እንጨቱን እንዳይነካ ተጠንቀቁ።

መዝገቡ ዛሬ ይጀመር። ለእያንዳንዱ ዕቃ ሦስት ክፍል ያለው ቁጥር ስጡ፦ የገባበት ዓመት፣ የሰጪው ተራ፣ የዕቃው ተራ። ለምሳሌ 2017.4.3። የእርሻ ዕቃው ስለሚፈታታ ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ እርፉ፣ ሁለቱ ድግሮች፣ ወገሉና ማረሻው እያንዳንዳቸው ፊደል ይጨመርላቸው፤ አለዚያ ለጽዳት ሲፈታ የአንዱ ድግር ከሌላው ጋር ይቀላቀላል። ቁጥሩ በእርሳስ በጥጥ ጥብጣብ ላይ ተጽፎ ይታሰር፤ በማርከርና በጥፍር ቀለም ዕቃው ላይ አይጻፍ። ከቁጥሩ ጋር የአካባቢው መጠሪያ ስም፣ ማን እንደሠራው፣ ከየትኛው እንጨት እንደተሠራ፣ የትኛው ማሳ ላይ እንዳረሰ ይመዝገብ። ይህን የሚነግሯችሁ አዛውንቶች አሁን አሉ፤ ክዳኑ ከመጠገኑ በፊት እነሱን በድምፅ ቅረጹ።

ስጦታ ወይስ ውሰት? በቃል ብቻ የተሰጠ ዕቃ በልጆቹ ዘመን ክርክር ያመጣል። በሁለት ቅጂ ይጻፍ፣ ሰጪውና ማህበሩ ይፈርሙ፣ ምስክር ይኑር። ውሰት ከሆነ የሚመለስበት ቀን ይጻፍበት፤ «ላልተወሰነ ጊዜ» የሚል ውሰት አትቀበሉ፣ ማህበሩ ለዓመታት ያቆየውን ዕቃ በአንድ ጠዋት ያጣዋል።

ደንብና አዋጅ

ስለ ፈቃዱ በአጭሩ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው፤ በቅርስ ላይ የጥገናና የእንክብካቤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዲኖር ያዛል። አዋጅ ቁጥር 839/2006 ደግሞ ቅርሶችን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ ይመድባል። የእናንተ ዓይነት ቤት በመጀመሪያ የሚታየው በወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም በኩል ስለሆነ ማመልከቻውን እዚያ አስገቡ። የቤቱን አራት ጎን ፎቶ፣ በእጅ የተሳለና ልኬት ያለው ንድፍ፣ የሚለወጡትን እንጨቶች ዝርዝር አያይዙ። ቤቱ ገና አልተመዘገበም ብላችሁ ጥገናውን አትጀምሩ፤ መጀመሪያ ይመዝገብ።

ብራና፣ መስቀል፣ ንዋያተ ቅድሳት ሰው ቢያመጣላችሁ አትቀበሉ። የቤተ ክርስቲያን ንብረት ሊሆን ይችላል፣ ከየት እንደመጣም ማህበሩ ይጠየቃል። ወደ ደብሩና ወደ ወረዳው ምሩት።

ክዳን ሠሪ

ስለ ማህበሩ ሥራ አንድ ልጨምር። ምረቃ ላይ ገንዘብ ይገኛል፣ ለሚቀጥለው ክዳን ግን አይገኝም። ስለዚህ አዲሱ ክዳን ተሠርቶ እንዳለቀ ለቀጣዩ መቆጠብ ይጀመር። ለምሳሌ ወጪው 120,000 ብር ቢሆንና 12 ዓመት ይቆያል ብላችሁ ብታስቡ፣ በዓመት 10,000 ብር በተለየ ሂሳብ ይገባል፤ ለድግስም ለሌላም አይነካም። ዋጋው ስለሚጨምር በየዓመቱ ይከለስ። ሰው ደግሞ በደቦ ይገኛል፦ በጥር ሳር ማጨድና ማመላለስ፣ በግንቦት ቦይ መጥረግና ጣራ ማየት፣ በመስከረም መጨረሻ ግድግዳውን ዞሮ ስንጥቅ መመዝገብ። ትንሽ ማሳ ካለ ገብስ ይዘራበት፤ ሰነፍ ቆሎ የሚባለው የገብስ ዓይነት ቢሆን ልጆች ቆልተው ይቀምሱታል፣ ጭዱም ለጭቃው ይሆናል።

ባለጓሳ

እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ጥያቄ ቀረን። ለነፍሳቱ ፍሪዘር ይሠራል ሲባል ሰምተናል፤ ሞፈሩ ግን ሦስት ሜትር ነው፣ የት ይገባል?

ዕቃ ጠባቂ

ለስልቻው፣ ለአቁማዳውና ለትናንሽ እንጨቶች ፍሪዘር ይሆናል፦ በላስቲክ አየሩን አስወጥታችሁ አሽጉ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለሁለት ሳምንት ይቆይ፤ ካወጣችሁት በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ሳትከፍቱት ይቆይ፣ አለዚያ ጠል ይይዘዋል። መብራት የሚጠፋበት ቦታ ከሆነ የሁለት ሳምንቱ ቆጠራ መብራት ከመጣ በኋላ እንደገና ይጀመራል።

ለሞፈሩ መጀመሪያ ነፍሳቱ በሕይወት እንዳሉ አረጋግጡ። ቀዳዳው ጠርዙ የጠቆረ ከሆነ አሮጌ ነው፤ ነጣ ያለና ከሥሩ አዲስ ዱቄት የሚያራግፍ ከሆነ ነፍሳቱ ውስጡ አሉ። ነጭ ጨርቅ ላይ አጋድማችሁ ቀዳዳዎቹን በስስ ወረቀት ሸፍኑ፣ ከሚያዝያ እስከ መስከረም እዩት። ወረቀቱ ካልተበሳ፣ ዱቄትም ካልወረደ ምንም አታድርጉ። ከተበሳ ምራኑንና ማንኛውንም ቆዳ ፈታችሁ አውጡ (አሮጌ ቆዳ በሙቀት ተኮማትሮ ይቀራል)፣ ሞፈሩን በጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ በላዩ በጥቁር ላስቲክ አሽጉት፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ማሸጉ እርጥበቱን ስለሚይዘው እንጨቱ አይሰነጠቅም። ቴርሞሜትር አብሮ ይታሸግ፤ የእንጨቱ ልብ 55 ዲግሪ ደርሶ ለጥቂት ሰዓታት መቆየት አለበት። መንዝ ብርድ ስለሆነ ይህ ላይሞላ ይችላል፤ ያኔ በየካቲት ወደ ቆላው ወርዶ የሚሠራበት ቦታ ፈልጉ፣ ሞፈሩም በምንም ሁኔታ ከሌሎቹ እንጨቶች ጋር በአንድ ክፍል አይደር።