ማንበቡን አነባለሁ፤ ውስጤ ግን ባዶ ነው

ጠያቂ፣ አዲስ አበባ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እህታችሁ ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ማታ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ አነባለሁ። ፍልስፍና፣ ሃይማኖት፣ ሥነ ልቦና። ማታ ልቤ ይሞላል። ጠዋት ቢሮ ስገባ ግን "ለምንድን ነው የምኖረው?" የሚለው ጥያቄ እዚያው ይጠብቀኛል። በንባብ መልስ ያገኘ ካለ እስቲ ንገሩኝ።

ነርስ፣ ጎንደር፦
እግዜር ያጽናሽ እህቴ። እኔን ያቆመኝ ቪክቶር ፍራንክል ነው። የቪየና የአእምሮ ሐኪም ነበር። ኦሽዊትዝ የተባለው የናዚዎች ካምፕ ሲያስገቡት ኮቱ ውስጥ የደበቀውን የመጽሐፍ ረቂቅ አጣ። እናት አባቱን፣ ወንድሙንና ሚስቱንም በናዚዎች ካምፕ ተነጠቀ። በኋላ በሌላ ካምፕ ታይፈስ ይዞት ሳለ፣ የጠፋውን ጽሑፍ በቁርጥራጭ ወረቀት ላይ እንደገና መጫጫር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከሕይወት ምን እንደምንጠብቅ መጠየቁን እንተው፤ ጠያቂዋ ሕይወት ናት፣ የምንመልስላትም በሥራችን ነው ይላል።

እዚያ ገጽ ላይ መጽሐፉን ዘጋሁት። ደብተር ገዛሁና ከሌሊት ዲዩቲ ስወጣ አንድ ጥያቄ ብቻ እመልስ ጀመር፦ ዛሬ ማን እኔን ይጠብቅ ነበር?

አንድ ጠዋት የጻፍኩት እስካሁን አለ። ከገጠር የመጡ፣ አስታማሚ የሌላቸው አባት ነበሩ። መድኃኒቱን ማንም ይሰጣቸዋል። እኔ በር ላይ ስደርስ ግን ከትራሱ ቀና ይላሉ፤ ስማቸውን ጠርቼ "እንዴት አመሹ አባባ?" እስክላቸው። ለወራት ስመላለስ ይህን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ንባቡን ቀነስ አድርጊው። የነካሽ ቦታ ላይ ቁሚ።

ሌላ መላሽ፦
ሐዘን ላይ ያለ ሰው ሌሊት ብቻውን ባያሰላስል ይሻላል ባይ ነኝ። ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ የመጽሐፍ ውይይት ሲኖር ብቅ በይ። ያነበብሽውን ለሰው ስትናገሪ ይጠራልሻል።

ነርስ፣ ጎንደር፦
እስማማለሁ። ደብተሩን እኔም ሲነጋ ነው የምጽፈው።

ጠያቂ፦
ተባረኩ። ደብተሩ ላይ የምጽፈው፣ የሚጠብቀኝ ሰው ወደ ሐሳቤ ባይመጣልኝስ?

ነርስ፣ ጎንደር፦
ቀኑን ብቻ ጽፈሽ ዝጊው። በማግስቱ ቢሮ ስትገቢ መስኮትሽ ፊት የሚቆሙትን ሰዎች ፊታቸውን እያየሽ አስተናግጂ። ማታ ሌላ መጽሐፍ እንዳትጀምሪ፤ መጀመሪያ የአንዱን ሰው ነገር ጻፊ።