የዚህን የግሪክ ፊልም ስም የሚያውቅ አለ? መጨረሻውን ሳላይ ተዘጋብኝ

የኪፕሴሊዋ፦
ሰላም ቤተሰብ። አቴንስ ነኝ፣ አንዲት አሮጊት ነው የምጠብቀው። ትናንት ማታ ቴሌቪዥን ላይ ጥቁርና ነጭ ፊልም መጣ። አንድ ቀጭን የባንክ ጸሐፊ አለ፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው፣ ማንም የጠራው ሰው የለም። ጋዜጣ ሲገልጥ ፖሊስ የሚያድነው ወንበዴ ቁርጥ እሱን ይመስላል። ሲሸሽ ጭፈራ ቤት ይገባል። እዚያ ያሉት ወሮበሎች አለቃ መጣልን ብለው ቁጭ ብድግ ይሉለታል፣ እሱም አይደለሁም አይልም! እዚያው ለምትጨፍር ልጅ ልቡ ቅልጥ ብሏል። ልክ እዚህ ላይ ያያ (እዚህ አያት ያያ ነው የሚባሉት) ከእንቅልፋቸው ነቅተው "ቆጣሪው ይቆጥራል" ብለው ድርግም አደረጉት።

ስሙ ማነው? ከልጅቷ ጋር አብረው ይጠፋሉ? የትስ አገኘዋለሁ? ደግሞ እነዚያ ወሮበሎች ሲጨፍሩ ፊታቸው ለቅሶ ቤት የመጡ የሚመስለው ለምንድነው?

ሲኒማ ወዳድ፦
"ኦ ድራኮስ" ነው እህቴ። የ1956 ፊልም ነው፣ በፈረንጆቹ። ዳይሬክተሩ ኒኮስ ኩንዱሮስ፣ ጸሐፊው ያኮቮስ ካምባኔሊስ፣ ሙዚቃው የማኖስ ሃጂዳኪስ። ያ ቀጭኑ ዲኖስ ኢሊዮፑሎስ ይባላል። ግሪኮች የሚያውቁት በኮሜዲ ስለሆነ ሊስቅ የገባ ሰው ምን ሆኖ እንደወጣ አስቢው። እንደወጣ ገበያ አላገኘም፣ ዛሬ ግን ከግሪክ ምርጥ ፊልሞች ተርታ ነው የሚቆጥሩት።

ዝም ብሎ የሌባ ፊልም እንዳይመስልሽ። የእርስ በርስ ጦርነታቸው ያበቃው በ1949 ነው። ኩንዱሮስ ራሱ ማክሮኒሶስ የምትባል ደሴት በግዞት የቆየ ሰው ነው፣ ካምባኔሊስ ደግሞ ከናዚ ካምፕ የተረፈ። ወሮበሎቹ ያቀዱትን ሰማሽ? ከዜውስ ቤተ መቅደስ ጥንታዊ ዓምድ ሰርቀው ለአሜሪካኖች ሊሸጡ ነው። ያስቃል፣ ግን ግሪኮቹ የሚስቁ አይመስለኝም። መጨረሻውን ራስሽ እዪው፣ አልነግርሽም።

አቤል፦
እኔ ልንገርሽ። አለመሆኑን ይነቁበትና በጩቤ ይወጉታል። ይሞታል። ከልጅቷ ጋር መጥፋት የሚባል ነገር የለም።

ሲኒማ ወዳድ፦
አቤል፣ አንተ ሰው!

አቤል፦
ምን ላድርግ፣ ጠየቀችኛ።

የፒሬየስ ነዋሪ፦
የጭፈራውን ጥያቄ ማንም ስላልነካው እኔ ልሞክር። 15 ዓመት እዚህ ኖሬያለሁ፣ መጀመሪያ እኔም ግራ ገብቶኝ ነበር። ዜይቤኪኮ ይባላል፣ ምቱ በዘጠኝ ነው የሚቆጠረው። በደንቡ አንድ ሰው ብቻ ይነሳል፣ ሌላው ተንበርክኮ ያጨበጭብለታል። እንደ እስክስታ ትከሻህን እየነቀነቅክ ዘው ብለህ አትገባበትም። የደስታ ጭፈራም አይደለም፣ ሰውየው ብሶቱን ነው የሚያወጣው። ከኛ ነገር ለፉከራ ይቀርባል፣ አንዱ ሲፎክር መሃል ገብተህ አትዘልም አይደል? በፊት ጊዜ ፒሬየስ ወደብ አካባቢ "ማንጋስ" የሚሏቸው ነበሩ፣ የአራዳ ልጅ በላቸው። ሃሺሽ፣ ቡዙኪ (እንደ ክራር በክር የሚመታ መሣሪያቸው ነው)፣ ወገብ ላይ ቢላ።

ለሙዚቀኞቹ ከፍለህ ዘፈን ካዘዝክ "ፓራንጌሊያ" ይባላል፣ እስኪያልቅ መድረኩ ያንተ ነው። ይሄ ቀልድ አይደለም። በ1973 ኒኮስ ኮኤምዚስ የሚባል ሰው አቴንስ ጭፈራ ቤት ለወንድሙ ዘፈን አዘዘለት፣ የማርኮስ ቫምቫካሪስን። ወንድሙ ሲጨፍር ሌሎች ተነስተው መሃል ገቡ፣ ለካ ሲቪል የለበሱ ፖሊሶች ነበሩ። ጠብ ተነሳ፣ ኮኤምዚስ ቢላውን መዝዞ ሦስት ፖሊሶች ገደለ። ወታደሮቹ አገር የሚገዙበት ጊዜ ነው። ሞት ተፈረደበት፣ ሳይገደል ቀርቶ በ1996 ተፈታ፣ ከዚያ ሞናስቲራኪ መንገድ ላይ የራሱን ታሪክ የጻፈበትን መጽሐፍ እየሸጠ ኖረ። ሰዎች እሱን እንደ ጀግና ሲያወሩ እሰማለሁ፣ እኔ አይዋጥልኝም። ሦስት ሰው ነው የሞተው። ታሪኩ በ1980 ፊልም ሆኗል፣ ስሙም "ፓራንጌሊያ" ነው። ድራኮስን ከወደድሽ ቀጥለሽ እሱን እዪ።

ማርታ፦
የት እንደሚገኝ ልንገርሽ። በአማርኛ ፊደል ብትፈልጊው ምንም አይመጣልሽም፣ ስሙን ያያን በግሪክ ፊደል አስጽፊያቸው። መጀመሪያ ኢአርቲፍሊክስ ላይ ሞክሪ፣ የመንግሥቱ ቴሌቪዥን ነው፣ በነጻ። ፊልሞቹ ስለሚቀያየሩ ዛሬ ባይኖር ተስፋ አትቁረጪ። ሌላው ታይኒዮቲኪ ነው፣ የግሪክ ፊልም ቤተ መዛግብት፣ ኢየራ ኦዶስ መንገድ ላይ ከኬራሚኮስ ሜትሮ ብዙ አይርቅም። የድሮ ፊልም ያሳያሉ። የትርጉም ጽሑፍ ይኖረው እንደሆነ ግን ትኬት ሳትቆርጪ ደውለሽ ጠይቂ።

አዲስ ነገር ካማረሽ ደግሞ ያኒስ ኢኮኖሚዲስ የሚባል ዳይሬክተር አለ። በ2020 ያወጣው "የተበሳ ልብ ባላድ" ላይ አንዲት ሴት ባሏን ትታ፣ ገንዘቡን ይዛ ወደ ውሽማዋ ትሄዳለች፣ ከዚያ ክፍለ ሀገሩ በሙሉ እርስ በርሱ መተላለቅ ይጀምራል። ፍቅርና ጥይት ነው። ስድቡ ግን አይጣል! ያያ ባሉበት እንዳትከፍቺው፣ ግሪክኛም ከሱ እንዳትማሪ።

የኪፕሴሊዋ፦
ተባረኩልኝ። አቤል፣ አንተን ግን ይቅር ይበልህ፣ ሙሉ ቀን ያ ምስኪን ሰውዬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ያያን አስጻፍኳቸው። የፋርማሲ ደረሰኝ ጀርባ ላይ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ጻፉልኝ። ኮኤምዚስ ስላቸው "ፖ ፖ ፖ!" ብለው አማተቡ፣ ከዚያ ቫምቫካሪስን በአፋቸው ማንጎራጎር ጀመሩ። ዛሬ ማታ ኢአርቲፍሊክስን እሞክራለሁ። ቆጣሪው ይቁጠር ብለዋል።