የድንብላል ዘይት ለእንቅልፍና ለትከሻ፦ እንዴት ልጠቀመው?

ጥያቄ — እናት ነኝ

ሰላም ለሁላችሁ። አንዲት ትንሽ የድንብላል ዘይት ጠርሙስ በስጦታ ደረሰችኝ፣ 10 ሚሊ ሊትር ናት። የአሮማቴራፒ (በመዓዛ የመረጋጋት ዘዴ) ዘይት ነው ተባልኩ እንጂ አጠቃቀሙን ያሳየኝ የለም። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተደፍቼ ስለምውል አንገቴና ትከሻዬ ይደርቃል፣ ማታ ደግሞ ሐሳቤ አልሰበሰብ ብሎ እንቅልፍ እንቢ ይለኛል። አንዳንዴ ሆዴም ይነፋል። ለሦስቱም ፍቱን ነው ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? እንዲሁ ቆዳዬ ላይ ልቀባው? መጠጣትስ ይቻላል? ቤት ውስጥ የ3 ዓመት ልጅና ድመት አሉ፣ እነሱንም አስቡልኝ።

መልስ — መዓዛ ወዳድ

እንኳን ደስ አለሽ፣ ከምወዳቸው ዘይቶች አንዱ ነው! ጣፈጥ ያለ፣ ትንሽ የብርቱካን ልጣጭ የሚመስል፣ ከሥሩ ደግሞ የእንጨትና የቅመም ሽታ ያለው ነው። ዲፊውዘር (ዘይትን ከውሃ ጋር ወደ አየር የሚበትን መሣሪያ) ካለሽ ውሃው ላይ ከ3 እስከ 4 ጠብታ ይበቃል። ከመተኛትሽ በፊት ለግማሽ ሰዓት ያህል ከፍተሽ አጥፊው። ሌሊቱን ሙሉ ማስኬድ አያስፈልግም፣ ብዙ ሲሆን ራስ ያሳምማል። ከላቬንደር ጋር ሲደባለቅ በጣም ያምራል።

መልስ — አረንጓዴ ቅጠል

እኔ ሆዴ ሲነፋ ሁለት ጠብታ ውሃ ውስጥ ጨምሬ እጠጣለሁ። ምንም ሆኜ አላውቅም። ተፈጥሯዊ ነው፣ አትፍሪ።

መልስ — ነርሷ

አረንጓዴ ቅጠል፣ ይቅርታ አድርግልኝ፣ ይህን ምክር ለማንም አትስጥ። ዘይትና ውሃ አይዋሃዱም። ጠብታዋ ላዩ ላይ ተንሳፍፋ ሳትቀጥን አፍና ጉሮሮ ላይ ታርፋለች፣ ልታቃጥል ትችላለች። የምግብ ፋብሪካዎች በማጣፈጫነት ቢጠቀሙበትም መጠኑ እጅግ ጥቂትና የተለካ ነው፣ ከጠርሙስ አንጠባጥቦ መጠጣት ሌላ ነገር ነው። «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃልም ደህንነቱን አያረጋግጥም። ከጠርሙሱ የሚወጣው ከብዙ ፍሬ ተነጥሮ የተጠራቀመ ኃይለኛ ነገር ነው።

እህቴ፣ የልጁ ጉዳይ ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። ጠርሙሷን እጁ ከማይደርስበት፣ ከሚቆለፍ ቦታ አስቀምጪ። ድንገት ቢጠጣው በግድ አታስመልሺው። ዘይቱ ሲመለስ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፣ ትልቁ አደጋ እሱ ነው። ጠርሙሱን ይዘሽ ወዲያው ወደ ሕክምና ሩጪ። ዲፊውዘር ስትከፍቺ ደግሞ መስኮት ገርበብ ይበል፣ ልጁም ሌላ ክፍል ይሁን። ቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ ጭራሽ ቢቀር ይሻላል።

ድመቶች ላይ፣ ሰውነታቸው ውስጥ የገባን እንዲህ ያለ ነገር በጉበት አጣርቶ ለማስወገድ የሚረዳው አንዱ መንገድ በጣም ደካማ ነው። ስለዚህ ፀጉሯ ላይ ፈጽሞ አትቀቢ፣ ስትፈልግ ወጥታ እንድትሄድም በር ክፈቺላት።

መልስ — ኬሚስቱ

መጀመሪያ ምን እንደያዝሽ እንለይ። «የድንብላል ዘይት» ተብለው የሚሸጡ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉና።

አንደኛው ከደረቀው ፍሬ በእንፋሎት የሚነጠረው ነው። አሮማቴራፒ ላይ የሚፈለገው ይሄ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 80 በመቶው ሊናሎል የሚባል ንጥረ ነገር ነው፣ ላቬንደር ውስጥም በብዛት ያለው እሱ ነው። የቀረው እንደ ጋማ ተርፒኒን፣ አልፋ ፓይኒን፣ ካምፎርና ጄራኒል አሲቴት ያሉ ናቸው። ሁለተኛው ከእርጥብ ቅጠሉ የሚወጣው ነው። እሱ ውስጥ የሚበዙት አልዲሃይዶች የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ስለሆኑ ሽታው ፍጹም ሌላ ነው፣ አንዳንዱ ሰው ሳሙና ሳሙና ይለኛል የሚለው በእነሱ የተነሳ ነው። ለመዝናናት ብለሽ ይህን ብታሸቺ ትናደጃለሽ። ሦስተኛው ፍሬው ተጨምቆ የሚገኝ የቅባት ዘይት ነው፣ መዓዛው ደካማ ነው፣ ከመዓዛማ ዘይት ጋር አይገናኝም።

ያረጋጋል ወይ ላልሽው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የጃፓን ተመራማሪዎች አይጦችን የሊናሎል ሽታ አሽትተው ፍርሃታቸው ሲቀንስ አይተዋል። የማሽተት ችሎታቸው የጠፋባቸው አይጦች ላይ ግን ለውጥ አልታየም። ማለትም ሥራው የሚጀምረው ከአፍንጫ ነው። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ለመረጋጋት ብሎ መጠጣት እንደማያስፈልግ ያሳያልና። ግን አይጥ ሰው አይደለም። የእንቅልፍ መድኃኒት ነው ብዬ አልነግርሽም፣ ማታ ላይ አእምሮን ለማብረድ የሚረዳ ጥሩ ሽታ ነው። ባክቴሪያ ይገድላል የሚባለውም ከቤተ ሙከራ ውጤት የመጣ ነው፣ ቁስል ላይ ለመቀባት ምክንያት አይሆንም።

መልስ — የማሳጅ ባለሙያ

ትከሻሽን ለእኔ ተይው። ሥራዬ ነው።

እንዲሁ እንዳለ ቆዳ ላይ አይቀባም። ማቅጠኛ ዘይት ያስፈልግሻል፣ ጆጆባም ሆነ የሰሊጥ ወይም የወይራ ይሆናል። 1 ሚሊ ሊትር ወደ 20 ጠብታ ያህል ነው ብለሽ አስቢ። ስለዚህ 30 ሚሊ ሊትር ማቅጠኛ ላይ 6 ጠብታ ስትጨምሪ 1 በመቶ፣ 12 ስትጨምሪ 2 በመቶ ይሆናል። ለትከሻ 2 በመቶ በቂ ነው። እኔ ቆዳው ስስ ለሆነ ሰው ከ1 አላልፍም፣ ብዙ ማድረግ ውጤቱን አይጨምረውም፣ ማሳከክን እንጂ። ዓይን አጠገብና የተላጠ ቆዳ ላይ አይነካ።

እጅሽን አሙቂ፣ ከጆሮሽ ሥር ጀምረሽ ወደ ትከሻሽ ጫፍ በዝግታ ውረጂ፣ የጠጠረውን ቦታ ስታገኚ እዚያው ላይ ጫን ብለሽ ትንፋሽሽን ሁለት ሦስቴ አውጪ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ግማሹን ሥራ የሚሠራው እጅሽ ነው። ዘይቱ ሽታው ያላላሻል፣ መታሸቱ ጡንቻውን ያፍታታዋል። ለሆድም እንደዚያው፣ በ1 በመቶው እምብርትሽ ዙሪያ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ቀስ ብለሽ እሺ። ሕመሙ ወደ ክንድሽ ከወረደ ወይም እጅሽ ከደነዘዘ ግን ማሳጁን ትተሽ ሐኪም ይይሽ።

ገንዳ ውስጥ መታጠብ ከወደድሽ በቀጥታ ውሃው ላይ አታንጠባጥቢ፣ መጀመሪያ አንድ ማንኪያ ማቅጠኛ ውስጥ ቀላቅይው። ወለሉ እንደሚያንሸራትትም አትርሺ።

መልስ — መዓዛ ወዳድ

ለማቀላቀል ከፈለግሽ ዝንጅብል፣ ብርቱካንና ሴዳር ይስማሙታል። ቤርጋሞትም (የብርቱካን ዘመድ የሆነ ፍሬ ዘይት) ግሩም ነው፣ ግን እሱ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ በዲፊውዘር ብቻ ይሁን። ድንብላል ራሱ የፀሐይ ችግር የለበትም።

እናት ነኝ

ተባረኩ! ሁለት ነገር ብቻ። ጠርሙሷ ላይ «ኮሪያንደር ኦይል» ከሚል በቀር ምንም የለም። ደግሞ ከመምጣቷ በፊት ተከፍታ ነበር። በምን አውቃለሁ?

መልስ — ኬሚስቱ

ጥሩ ጠርሙስ ላይ ኮሪያንድረም ሳቲቨም የሚለው የድንብላል ሳይንሳዊ ስም፣ ፍሬ ወይም ዘር መሆኑና በእንፋሎት መነጠሩ ይጻፋል። ካልተጻፈ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣይና እስከ ነገ ተይው። መዓዛማ ዘይት ከሞላ ጎደል ተኖ ይጠፋል፣ የተጨመቀ ዘይት ከሆነ ወይም ከተደባለቀበት የቅባት ምልክት ይቀራል። በርካሽ የተሠራ ሰው ሠራሽ ሽታ መሆኑን ግን ይህ አይለይልሽም።

መከፈቷ የበለጠ ያሳስበኛል። ሊናሎል አየር እያገኘው ሲቆይ ይበላሻል፣ ከሱ የሚፈጠሩት ነገሮች ቆዳን ለአለርጂ የሚያነሳሱ ናቸው። ሽታው ከጣፈጠው ወደ ጎምዛዛና ኮስታራ ከዞረ ወይም መቼ እንደተከፈተች የሚነግርሽ ካጣሽ፣ ቆዳሽ ላይ አትቀቢው። አዲስ ስትይዢ በጨለማ ብርጭቆ ጠርሙስ፣ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። ከእሳትም ይራቅ፣ ተቀጣጣይ ነው።

መልስ — ነርሷ

አዲሱንም ሁሉም ቦታ ከመቀባትሽ በፊት ቀጥኖ የተዘጋጀውን ትንሽ ክንድሽ ውስጠኛው ላይ አድርጊና 24 ሰዓት ጠብቂ። ከቀላ ወይም ካሳከከ በሳሙና ታጥበሽ ተይው። እርጉዝ ከሆንሽ፣ የምታጠቢ ከሆነ ወይም የእንቅልፍና የጭንቀት መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ሐኪምሽን ሳትጠይቂ አትጀምሪ። እንቅልፍ ማጣቱ ለሳምንታት ከቀጠለም እንደዚሁ፣ ምክንያቱ መታየት አለበት።

እናት ነኝ

አሁን ሳሸተው በእርግጥ ጎምዘዝ ብሏል። ይህችን እጥላለሁ፣ ማቅጠኛና አዲስ ጠርሙስ እስካገኝ ማሳጁን ያለ ሽታ እጀምራለሁ።

መልስ — የማሳጅ ባለሙያ

ጥሩ አድርገሻል። ስትጥያት ብቻ ፍሳሽ ውስጥ አትድፊያት፣ እንደተከደነች አድርጊና ልጁም ድመቷም ከማይደርሱበት ቆሻሻ ጋር ትሂድ።